የውዳቂ ዋጋ፦ ከፓሪስ እስከ ምናለሽ ተራ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1960 አርማን የተባለው ፈረንሳዊ ቀራጺ ፓሪስ በሚገኘው የኢሪስ ክሌር ጋለሪ ያልተለመደ ዐውደ ርእይ ከፈተ። ጋለሪው ከወለል እስከ ጣሪያ በውዳቂ ዕቃ ተሞልቶ ስለነበር የተጠሩት እንግዶች መግባት አልቻሉም፤ መንገድ ላይ ቆመው ክምሩን በመስኮቱ አሻግረው ተመለከቱ። የሥራው ስም «ሙሉው» ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ኢቭ ክላይን በዚያው ጋለሪ ምንም ያልገባበትን ክፍል «ባዶው» ብሎ አሳይቶ ነበርና ለእርሱ የተሰጠ መልስ መሆኑ ነው። በዚያው በ1960 ማርች ወር ስዊዘርላንዳዊው ዣን ቲንግሊ ከብስክሌት ጎማ፣ ከአሮጌ ሞተርና ከፒያኖ የገጣጠመውን ግዙፍ ማሽን በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ግቢ አስነሥቶ ማሽኑ ራሱን በራሱ እንዲያፈርስ አደረገ። በሜይ ደግሞ ሴዛር የተባለው ቀራጺ በብረት መጭመቂያ ተደፍጥጠው እንደ ሣጥን የታመቁ መኪኖችን ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ አቀረበ።

ሦስቱ ሥራዎች በአንድ ዓመት የመጡት በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ጸሐፊ ቫንስ ፓካርድ ኩባንያዎች ገበያቸውን የሚያሰፉት ዕቃቸው ቶሎ እንዲያረጅ ወይም ቶሎ እንዲሰለች በማድረግ ነው ሲል የከሰሰበትን መጽሐፍ ያሳተመው በዚያው በ1960 ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆን ኬኔት ጋልብሬዝ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የበለጸገ ኢኮኖሚ ምርቱን ብቻ ሳይሆን ምርቱን የሚያስፈልገውን ፍላጎትም ራሱ ያመርታል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በማቀዝቀዣ፣ በመኪናና በልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጥለቀለቁ ከበሩ በስተጀርባ የሚወጣው ክምር አብሮ አደገ። ቀራጺዎቹ ክምሩን ከጓሮ አንሥተው ወደ ሳሎን አስገቡት። አርማን ዘግየት ብሎ በ1982 ፓሪስ አቅራቢያ 60 መኪኖችን በኮንክሪት ውስጥ ደርድሮ ያቆመው ሐውልት የዚህ አስተሳሰብ የመጨረሻው ጫፍ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ከፋብሪካና ከቤት ውዳቂ የተሠራ ቅርጽ ሁሉ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍለት መግለጫ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «የሸማችነት ባህልን የሚተች»። መግለጫው ለአርማን ይስማማዋል። ነገር ግን ለአሜሪካዊው ጆን ቻምበርሌይን እንኳ አልስማማ ብሎ ነበር። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ እየገጣጠመ የሠራው ይህ ሰው ሥራዎቹ ስለ መኪና አደጋ ወይም ስለ አሜሪካውያን ብኩንነት ይናገራሉ ሲባል አይወድም ነበር። ቆርቆሮውን የመረጠው በየቦታው ስለሚገኝ፣ ርካሽ ስለሆነና ቀለሙ ተቀብቶ ስለሚመጣ ነበር። ይህ መልስ የተቺዎችን ያህል ጥልቀት ባይኖረውም ለኢኮኖሚ ተማሪ ጆሮ ግን ከሁሉም የተሻለ መነሻ ይሆናል፤ ስለ ጥሬ ዕቃ ዋጋ የሚናገር ነውና።

አንድ ዕቃ ውዳቂ የሚሆነው በተፈጥሮው አይደለም። ውዳቂ የሚሆነው ለመልቀም፣ ለመለየት፣ ለመፍታትና ለማጓጓዝ የሚጠይቀው ድካም በገንዘብ ሲተመን ከውስጡ ከሚወጣው ነገር ዋጋ የበለጠ እንደሆነ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ አንድ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ መዳቡን ለማውጣት የሚፈጀው የግማሽ ሰዓት ደመወዝ ከመዳቡ ዋጋ በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሬዲዮው ዋጋ ማጣት ብቻ ሳይሆን ዋጋው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የሚወስድ ሰው እንዲወስደው ይከፈለዋል። አዲስ አበባ ላይ ያው ሬዲዮ ምልክቱ ይገለበጣል፤ የሚወስደው ሰው ይከፍላል። በዋሽንግተን ወይም በሙኒክ አሮጌ ሶፋ ለማስነሣት ከኪሱ የከፈለ ሐበሻ ይህን ለመረዳት ቀመር አያስፈልገውም። እናቱ ደጅ ላይ ቆራሌው ለአንድ የተበሳ ድስት ሲከራከር እየሰማ ነው ያደገው።

እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ቶምፕሰን በ1979 ባሳተመው የውዳቂ ጽንሰ ሐሳብ ዕቃዎችን በሦስት ይከፍላቸዋል። አንደኛዎቹ ዋጋቸው በየዕለቱ እየቀነሰ የሚሄድ ነው፤ እንደ መኪናና እንደ ስልክ። ሁለተኛዎቹ ዋጋቸው እያደገ የሚሄድ ነው፤ እንደ ጥንታዊ ሥዕልና እንደ ቅርስ። በሁለቱ መካከል ዋጋ የሌለው ሦስተኛ ክፍል አለ፤ ውዳቂ። ቶምፕሰን ያስተዋለው ነገር፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያልፍ ዕቃ በሦስተኛው በኩል ነው የሚያልፈው፤ ማንም በማያየው፣ ዋጋ በማይወጣለት ጨለማ ክፍል። ከውዳቂ የሚሠራ ቀራጺ እንግዲህ በዚህ በር ላይ የቆመ ሰው ነው። የሴዛር የታመቀ መኪና እንደ መኪና ሞቶ እንደ ቅርስ ተነሥቷል። ተቃውሞው ራሱ ዕቃ ሆኖ፣ ያውም ከተቃወመው ዕቃ ይልቅ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ይህን ግብዝነት ነው ማለት ቀላል ነው፤ ግን የሚያመራምረው በመካከለኛው ጨለማ ክፍል ውስጥ ማን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የሚከብደው ሥራው ወደ አፍሪካ ሲሻገር ነው። ጋና ተወልዶ ከ1975 ጀምሮ በናይጄሪያ ንሱካ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኤል አናትሱይ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከከተማው ዳር በከረጢት የተጣሉ የአልኮል ጠርሙስ ክዳኖችን አገኘ። እነዚያን የአሉሚኒየም ክዳኖችና የአንገት ማሰሪያዎች ከብዙ ረዳቶቹ ጋር እያጠፈ፣ እየጠመዘዘና በመዳብ ሽቦ እየሰፋ እንደ ጋቢ የሚታጠፉ ግዙፍ የብረት ጨርቆችን ሠራ። በ2015 በቬኒስ ቢየናሌ ለዕድሜ ልክ አስተዋጽኦው የወርቅ አንበሳ ተሸለመ፤ ሥራዎቹ በጨረታ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥተዋል። የጋለሪ መግለጫ እዚህም «ሸማችነት» ይላል። ክዳኖቹ ግን የናይጄሪያ ፋብሪካዎች የጠመቁትን መጠጥ የከደኑ ናቸው። አናትሱይ ራሱ የሚጠቅሰው ሌላ ታሪክ ነው፦ አውሮፓውያን ነጋዴዎች ወደ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ያመጡት፣ ሰው የተለወጠበት አልኮል። ይህን ታሪክ ስለ ብክነት የሚደረግ ምክር አድርጎ ማንበብ ማሳነስ ነው።

የቤኒኑ ሮሙአልድ አዙሜ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ብሪቲሽ ሙዚየም በ2007 የገዛው ሥራው 304 ጭምብሎች አሉት፤ ሁሉም ከጀሪካን የተሠሩ፣ በ1789 የታተመውን የባሪያ መርከብ ንድፍ ተከትለው የተደረደሩ። እነዚህ ጀሪካኖች ከናይጄሪያ ወደ ቤኒን በኮንትሮባንድ ቤንዚን ይመላለስባቸው የነበሩ ናቸው። ናይጄሪያ ነዳጇን በድጎማ ታረክስ ስለነበር ድንበሩን ላሻገረው ሰው የዋጋው ልዩነት እንጀራ ነው። ብዙ እንዲይዝ ሲባል ጀሪካኑ በእሳት እየተለሰለሰ ይነፋል፤ ተነፍቶ ተነፍቶም አንድ ቀን በሞተር ብስክሌቱ ላይ ይፈነዳል። እዚህ ላይ ተትረፍርፎ የተጣለ ነገር የለም። ጀሪካኑ እስኪሞት የሠራ መሣሪያ ነው፤ ጭምብሉም የሚመስለው ሸማቹን ሳይሆን ተሸካሚውን ነው።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ ምን ቃል አለው? «ቆሻሻ» አንድም እድፍ ነው፣ አንድም የተጣለ ነገር ነው፤ ሁለቱን አይለይም። ገበያው ግን ይለያል። «አሮጌ» አለ፤ «ልዋጭ» አለ፤ «ሰልባጅ» አለ፤ ይህ የመጨረሻው ከሰመጠ መርከብ የተረፈ ንብረትን ከሚያመለክት የእንግሊዝኛ ቃል መጥቶ የሰው ልብስ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን «ያገለገለ» የሚለው ነው። ሌላው ዓለም ዕቃውን በተጠቀመበት ሰው በኩል ሲጠራው አማርኛ በዕቃው በራሱ ሥራ ይጠራዋል፤ ዕቃው ጡረታ እንደወጣ ሎሌ አገልግሎት ይቆጠርለታል። ቆራሌው የሚለው ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው እንደመጣ ይነገራል። በከረጢት የተሰበሰበው ሁሉ የሚያመራበት የመርካቶው ሰፈር ደግሞ ስሙ ጥያቄ ነው፦ ምናለሽ ተራ።

ምናለሽ ተራ ጎማ ጫማ የሚሆንበት፣ በርሜል ምድጃ የሚሆንበት፣ የመኪና ሻንሲ የበር ብረት የሚሆንበት ቦታ ነው። በቶምፕሰን አከፋፈል ጨለማ የተባለው ክፍል እዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ በመዶሻ ድምፅ ታጅቦ ይሠራል። በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው ኤልያስ ስሜ ቁሳቁሱን የሚገዛው ከዚህ አካባቢ ነው። በመጀመሪያ በክር፣ በአዝራርና በፕላስቲክ ይሠራ ነበር። ኋላ ፊቱን ወደ ኤሌክትሮኒክስ መለሰ፦ የተፈታ ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ፊደላት፣ ባለ ቀለም ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል፤ በእንጨት ሰሌዳ ላይ እየመታ፣ ሰሌዳ ከሰሌዳ እያጋጠመ ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ መሬት ወይም ከተማ የሚመስል ገጽ ይወጣዋል። ቅርጽ ይባል ሥዕል የሚለው ክርክር ለባለሙያዎች ይቆይ፤ ቀረብ ብሎ ያየው ሰው ግን ጥልፍ ነው ይላል። የተከታታይ ሥራዎቹ መጠሪያ በተወጠረ ገመድ ላይ መራመድ ማለት ነው። በ2019 ከስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ሽልማት ተቀበለ፣ በ2020 የሁጎ ቦስ ሽልማት ዕጩ ሆነ፣ በ2022 ሥራው በቬኒስ ቢየናሌ ታየ። ከመስከረም አሰግድ ጋር በጭቃና በጭድ የሠሩት ዞማ ሙዚየም በ2019 ለሕዝብ ተከፍቷል።

ኤልያስም ሥራው ስለ ቆሻሻ መልሶ መጠቀም ነው መባሉን አይቀበልም። ቁሳቁሱ ነጻ አይደለምና ትክክል ነው። የተከፈለበት፣ በኪሎ ወይም በእስር ዋጋ የወጣለት፣ ከእርሱ በፊት ሰብሳቢው፣ ፈቺው፣ ለዪው፣ ሻጩ ያተረፉበት ሸቀጥ ነው። አንድ የኒውዮርክ ጎብኚ ሰሌዳው ላይ የሚያየው የራሱን የተጣለ ላፕቶፕ ሊሆን ይችላል፤ ከላፕቶፑ ይልቅ ግን ላፕቶፑን የፈቱት ጣቶች ይበዛሉ። «የሸማችነት ትችት» የሚለው መግለጫ ጉዳት አለው ቢባል ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፦ ገዢውን የታሪኩ ዋና ሰው ያደርገዋል። ተወቃሽም ቢሆን ዋናው እርሱ ነው። ለሥራው ሲከፍል ለጥፋቱም የከፈለ ይመስለዋል፤ ግድግዳው ላይ ሲሰቅለውም ንስሐው የተሰቀለ ይመስለዋል።

ከዚህ ተነሥቶ ሌላ ስሕተት ውስጥ መግባት ግን ቀላል ነው። ከአገር ርቆ የሚኖር ሰው በተለይ ይፈተንበታል። «እኛ ዘንድ እኮ ምንም አይጣልም» ይባላል፤ ምናለሽ ተራ የጥበበኛ ሕዝብ ምስክር ተደርጎ ይወደሳል። ጥበቡ እውነት ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ምንም የማትጥለው የሰው ጉልበት ርካሽ ስለሆነ ነው። ደመወዝ ባደገ ቁጥር ቆራሌው የሚያነሣው ነገር እየጠበበ ይሄዳል፤ ያም በራሱ መጥፎ ዜና አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሼ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሞቱት ከተራራው ግርጌ በጭቃና በላስቲክ ቤት ይኖሩ የነበሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። ከመካከላቸው ኑሯቸው ከክምሩ በሚለቀም ብረትና ፕላስቲክ የተመሠረተ ነበሩ። ውዳቂ ዋጋ አለው ማለት አንዳንድ ጊዜ ትርጉሙ ይህ ነው፤ ዋጋውን ለማግኘት ሰው ከሥሩ ቤት ይሠራል።

የቁጥሩ መጠን ደግሞ ከማንኛውም ሰሌዳ በላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት እንደሚለው በ2022 ዓለም የጣለችው የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ 62 ሚሊዮን ቶን ነበር። በሥርዓቱ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ በታች፣ 22.3 በመቶ ብቻ ነው። በ2010 ጠቅላላው 34 ሚሊዮን ቶን ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አምራቾች ለዕቃቸው የመጨረሻ ዘመን እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ አለው፤ ሐሳቡ ከኢኮኖሚ መጻሕፍት የወጣ ንጹሕ ሐሳብ ነው፤ የማስወገጃው ወጪ ዕቃው ሲሸጥ በዋጋው ውስጥ ይግባ። በፍራንክፈርት ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ሳያውቀው ለዚያ ቴሌቪዥን ቀብር ከፍሏል። ቴሌቪዥኑ ግን ፍራንክፈርት አይሞትም። «ያገለገለ» ተብሎ በኮንቴይነር ወደ አክራ ወይም ወደ ሌጎስ ይሻገራል፣ ጥቂት ዓመት ይሠራል፣ እዚያ ይሞታል። የቀብሩ ገንዘብ አብሮ አልተጫነም።

በዘመድ ሻንጣ ለሚገባው ስልክም ያው ነው፤ ከዱባይ ወይም ከዳላስ «ለእኅቴ ልጅ» ተብሎ የተላከ አሮጌ ስልክ ስጦታ ነው፣ ያውም የተወደደ ስጦታ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን የማን ነው? በ1989 የተፈረመው የባዝል ስምምነት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ሳይፈቅድ ድንበር እንዳይሻገር ይደነግጋል። ሻንጣውንና የሚሠራውን ስልክ ግን አይነካም፤ መንካትም ያለበት አይመስልም። የጎደለው ክልከላ ሳይሆን ከዕቃው ጋር የሚሻገር ክፍያ ነው።

ክፍያው በሌለበት የሚሆነው በጣም የታወቀ ነው። ሽቦ ውስጡ መዳብ፣ ልባሱ ፕላስቲክ ነው። መዳብ በዓለም ገበያ ዋጋ አለው፤ ባለ ቀለሙ ልባስ የለውም። ልባሱን በእጅ መላጥ ጊዜ ይፈጃል፤ እሳት ግን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ፖሊሶች በ2021 እስኪያፈርሱት ድረስ በአክራው አግቦግብሎሺ የብረት ገበያ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ ሽቦ ያቃጥሉ ነበር፤ ጥቁሩ ጭስ ወደ ሳንባቸውና ወደ ጎረቤት የአትክልት ገበያ ይሄዳል። የመዳቡ ዋጋ የጭሱን ወጪ ስለማያካትት ማቃጠል ሁልጊዜ ርካሹ መንገድ ነው።

የኤልያስ ስሜ ሰሌዳዎች ከዚህ አንጻር ሲታዩ ሌላ ነገር ይሆናሉ። ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ ብርቱካናማው ቀለም ሁሉ የሽቦው ልባስ ነው፤ የመዳብ ገበያው ምንም የማይከፍልበት፣ እሳት መጀመሪያ የሚበላው ክፍል። ሠዓሊው የሚገዛው ያንን ነው። በኢኮኖሚ ቋንቋ፣ ከእሳቱ ጋር ተጫራች ሆኖ ገብቷል፤ ለሽቦው ሳይቃጠል መቅረት ዋጋ ሰጥቷል። ከ62 ሚሊዮን ቶን አንጻር ይህ ከጠብታ ያነሰ ነው፤ ማንም ሠዓሊ የአንድ ከተማን የሽቦ ገበያ ሊያዞር አይችልም፤ ይህን የሚጠብቅበት ካለ ሥራውን ከፖሊሲ ጋር አምታቶታል። ሆኖም ገበያ ዋጋ ሊያወጣለት ያልቻለው ነገር ዋጋ ሲወጣለት ምን እንደሚመስል በዓይን ማየት የሚቻልበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ምናለሽ ተራ ላይ አንድ እስር ሽቦ ተዘርግቶ ሁለት ገዢዎች ፊቱ ቢቆሙ፣ አንደኛው አንሥቶ ክብደቱን ይገምታል፤ ውስጡ ስንት ግራም መዳብ እንዳለ በእጁ ያውቃል። ሁለተኛው ጎንበስ ብሎ ቀዩን ከአረንጓዴው ይለያል። ሻጭዋም ዋጋ ከመጥራቷ በፊት የሁለቱንም እጅ ታያለች።